ሐዲዱ ለምን ኩማሲ ላይ ቆመ? ስለ ጋና ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጋና መልክዓ ምድር፣ አስተዳደርና ኢኮኖሚ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ እጄ ገባ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ጽሑፉን ልፈልገው የቻልሁት ከተማሪዎቼ ሦስቱ ለቤት ሥራቸው አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ቀድተው ስላመጡልኝና ከየት እንዳገኙት ስለጠየቅኋቸው ነው። የቀዱትም ዐረፍተ ነገር የሰሜን ጋና ሕዝብ የደኸየው አገሩ በረሃ ስለሆነ ነው የሚል ነበር። ጸሐፊው ስለ አንዲት የምዕራብ አፍሪካ አገር በራሳችን ቋንቋ ለመጻፍ መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል፤ በዚህ ረገድ የምናነበው እጅግ ጥቂት ነውና። ይሁን እንጂ በልጆች ደብተር ላይ እየሰፈረ ያለ ስሕተት ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የጽሑፉን ፍሬ ነገር ላላነበቡት ባጭሩ ላስቀምጥ። የዛሬዋ ጋና የጥንቱ የጋና መንግሥት ወራሽ ናት፤ ሰሜኗ በረሃ በመሆኑ ድሃ፣ ደቡቧ ደን በመሆኑ ሀብታም ነው፤ የአኮሶምቦ ግድብ የኢንዱስትሪ አገር አድርጓታል፤ መንግሥቷ የእንግሊዝ ቅጂ ሲሆን ባላባቶቿ ጌጥ ብቻ ናቸው፤ እንግሊዞች ያስተዋወቋት ኮኮዋ ገበሬዋን፣ ወርቋ ደግሞ ሕዝቧን አበልጽገዋል፤ በ2022 የደረሰባት የዕዳ ቀውስም ከውጭ የመጣ ዱብ ዕዳ ነው። እነዚህ ስድስት ነጥቦች የማይገናኙ ቢመስሉም የስሕተታቸው ምንጭ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊው በምድሪቱ ላይና በምድሪቱ ውስጥ ያለውን ሀብት በሚገባ ቆጥረዋል፤ ነገር ግን ስለዚያ ሀብት የሚወሰነው የት ቦታና በማን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁም። በዚህ ምላሽ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀላሉ ልጀምር። የጥንቱ ጋና፣ የራሱ ሰዎች ዋጋዱ ይሉት የነበረው መንግሥት፣ የሚገኘው በዛሬዪቱ ሞሪታንያ ደቡብ ምሥራቅና በማሊ ምዕራብ ሲሆን፣ ዋና ከተማው እንደነበረች የምትገመተው የኩምቢ ሳሌህ ፍርስራሽ ከአክራ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ጎልድ ኮስት፣ ማለትም የወርቅ ዳርቻ፣ የተባለችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ማርች 6 ቀን 1957 ነጻ ስትወጣ፣ መሪዎቿ ቅኝ ገዥ ካወጣላት የሸቀጥ ስም ይልቅ የአንድ ታላቅ አፍሪካዊ መንግሥት ስም መረጡላት። ይህ ሊከበር የሚገባው የፖለቲካ ውሳኔ ነው፤ የትውልድ ሐረግ ግን አይደለም። ከዚህ በላይ ልቆይበት አልፈልግም።

የሰሜኑ ጉዳይ ግን በደንብ መታየት አለበት። ጋና 238,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት፣ በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 30.8 ሚሊዮን ሰው የተቆጠረባት፣ በምዕራብ ከአይቮሪ ኮስት፣ በሰሜን ከቡርኪና ፋሶ፣ በምሥራቅ ከቶጎ፣ በደቡብ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ የምትዋሰን አገር ናት። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ በረሃ የሚባል ቦታ የለም። ሰሜኑ ሣርና የተራራቁ ዛፎች ያሉበት ሳቫና ሲሆን፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ኦቾሎኒና ቦዬ ያበቅላል፤ ቅባቱ ለምግብም ለመዋቢያም የሚሆነው የሺያ ዛፍም የዚያው አገር ነው። ከሰሃራ የሚነሳው ሃርማታን የተባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስ በበጋው ወራት ስለሚነፍስባት አገሪቱን በዚያ ወቅት ብቻ ያየ ሰው በረሃ ቢላት አልፈርድበትም። የዝናቡ ልክ ግን ሌላ ይናገራል። የሰሜኗ ታላቅ ከተማ ታማሌ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ የተቀመጠችው ዋና ከተማዋ አክራ የምታገኘው 800 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ በዚያው ባሕር ዳርቻ ወደ ምዕራብ ጫፍ የምትገኘው አክሲም ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። ስለዚህ ደቡብ ማለት ደንና ዝናብ፣ ሰሜን ማለት ድርቅ የሚለው ክፍፍል ከራሷ ከአክራ ደጃፍ ጀምሮ ይፈርሳል። እንዲያውም በሰሜን የነጭ ቮልታ ወንዝ ዳር ገበሬዎች በየዓመቱ ነሐሴና መስከረም አካባቢ የሚያስጨንቃቸው የውኃ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው፤ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ያለው የባግሬ ግድብ ሲሞላ የሚለቀቀው ውኃ ሊሰበሰብ የደረሰውን እህል ጠርጎ ይሄዳል።

በእርግጥ በሰሜንና በደቡብ መካከል ልዩነት አለ። ደቡቡ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት ሲኖረው ሰሜኑ አንድ ብቻ አለው፤ ያ አንዱ ሲዛባ ዓመቱ በሙሉ ይዛባል። ኮኮዋም በሰሜን አይበቅልም። ነገር ግን የሰሜኑን ድህነት ለመረዳት ከዝናብ መለኪያው ይልቅ የባቡር ካርታውን ማየት ይሻላል። ቅኝ ገዥዎቹ ከሴኮንዲ ወደብ የዘረጉት ሐዲድ የታርክዋንና የኦቡዋሲን የወርቅ ማዕድን አቋርጦ በ1903 በአገሪቱ ደቡባዊ አጋማሽ ወደምትገኘው ወደ ኩማሲ ከተማ ደረሰ፤ ከአክራ የተነሳው ሌላው ሐዲድ የኮኮዋውን አገር ሰንጥቆ በ1923 እዚያው ኩማሲ ገባ። ሁለቱም ከዚያ አላለፉም። ወርቁም ኮኮዋውም ከኩማሲ በታች ስለነበረ ሐዲዱ ወደ ሰሜን ይሂድ የሚለው ሐሳብ ቢነሳም ሳይሠራ ቀረ። የቅኝ አገዛዙ ከሰሜን የፈለገው ጉልበት ነበር፤ የአካባቢው አለቆች ለማዕድን ጉድጓዶችና ለሐዲዱ ሥራ ወጣቶችን እንዲያቀርቡ ይታዘዙ ነበር። መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም ዘግይተው የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ታሪክ ጅራት ዛሬም በአክራ ገበያዎች ይታያል። ማኮላ ገበያ ውስጥ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከኋላው ሰፊ የብረት ሳፋ በራሷ ላይ የተሸከመች ልጃገረድ ትከተለዋለች፤ ጨርቁን፣ ቲማቲሙን፣ የዘይት ጄሪካኑን እሷው ላይ እየደረደረ በሰው ጎርፍ መካከል እስከ ታክሲው ድረስ ያስኬዳታል። ካያዬ ይሏቸዋል፤ ካያ በሐውሳ ሸክም፣ ዬ በጋ ቋንቋ ሴቶች ማለት ነው። የአብዛኞቹ አገር ሰሜን ሲሆን፣ የሚመጡትም አዝመራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ሌሊት በሱቆች በረንዳ ላይ ተደርድረው ያድራሉ። የእነዚህን ልጆች መንገድ በረሃ እየገፋቸው የመጣ አድርጎ ለተማሪ መንገር፣ ሰው የሠራውን ነገር በተፈጥሮ ማመካኘት ይሆናል።

ሦስተኛው ነጥብ በቮልታ ወንዝ ላይ የተሠራው የአኮሶምቦ ግድብ ነው። ጸሐፊው ስለ ግድቡ ግዝፈት ያሉት ትክክል ነው። በ1965 ተጠናቆ፣ በጃንዋሪ 1966 ፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማ የመረቁት ይህ ግድብ ከኋላው 8,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን፣ በገጽ ስፋቱ በዓለም ትልቁ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተብሎ የሚታወቅ ውኃ አጠራቅሟል። ንክሩማ መርቀውት አንድ ወር እንደ ዋዛ ሲያልፍ፣ ፌብሯሪ 24 ቀን በወታደሮች ተወገዱ። ጽሑፉ ግን ግድቡ ኃይል አመነጨ፣ ኃይሉም ኢንዱስትሪ ወለደ ብሎ መካከሉን ዘሎታል፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ መካከል ነው።

የንክሩማ ሕልም ሙሉ ሰንሰለት ነበር፤ የአሉሚኒየም ጥሬ ማዕድን የሆነው የጋና ቦክሳይት ተቆፍሮ፣ ጋና ውስጥ ተጣርቶ አሉሚና ወደሚባል ዱቄት ተለውጦ፣ በጋና ኤሌክትሪክ አሉሚኒየም ሊሆን። የግድቡን ወጪ ለመሸፈን ብድር የሚሰጠው ግን ኃይሉን በብዛትና ለረጅም ጊዜ የሚገዛ ደንበኛ ሲገኝ ብቻ ስለነበረ፣ መንግሥት ካይዘር ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በ1962 ተዋዋለ። በወደብ ከተማዋ በቴማ የተተከለው ቫልኮ የተባለው የአሉሚኒየም ማቅለጫ ኤሌክትሪኩን እጅግ በረከሰ ዋጋ ሲያገኝ፣ ከግድቡ ከሚወጣው ኃይል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከግማሽ በላይ የሚወስደው እሱ ነበር። አሉሚናው ከውጭ በመርከብ ይመጣ ነበር፤ የጋና ቦክሳይት ደግሞ ጥሬውን በመርከብ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። የሰንሰለቱ መካከለኛ ቀለበት፣ ማለትም ማጣሪያው፣ ሳይሠራ ቀረ። መንግሥት የኤሌክትሪኩን ዋጋ እንደገና ተደራድሮ ማሻሻል የቻለው በ1985 ነው። ይህን የኢንዱስትሪ አገርነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ እንዴት ይቻላል?

ለሐይቁ ቦታ የለቀቁትን ሰዎች ጽሑፉ በአንድ ቃል እንኳ አላነሳቸውም። 80,000 ያህል ሰዎች ከቀያቸው ተነስተው በ52 የሰፈራ መንደሮች ተመድበዋል፤ ብዙዎቹ የአያቶቻቸው መቃብር ከሥሩ ባለበት ሐይቅ ዳር ሆነው፣ ወደ ከተማ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መስመር ከሩቅ እያዩ ለብዙ ዓመታት በፋኖስ ኖረዋል። ውኃው የመጣው ባልተመነጠረ ደን ላይ ስለነበረ፣ ዛሬም ድረስ የሞቱ ዛፎች ግንድ ከሐይቁ ወለል በላይና ልክ ከወለሉ በታች ቆሞ አለ። ቦዬ፣ ፍየልና ሰው በአንድነት የጫነች የእንጨት ጀልባ በማለዳ ጭጋግ ስትጓዝ ከውኃው በታች የተደበቀው ግንድ ሆዷን ይቀድዳታል፤ በዚህ መንገድ ያለቀው ሰው ብዙ ነው። ከግድቡ በታች ያሉትም ቢሆኑ አልዳኑም። በ2023 መስከረምና ጥቅምት ሐይቁ ከመጠን በላይ ሞልቶ ውኃ ሲለቀቅ፣ በታችኛው ቮልታ ሜፔን የመሳሰሉ ከተሞች ተጥለቅልቀው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። እኔ ግድቡ ባልተሠራ ነበር የምል ሰው አይደለሁም፤ አኮሶምቦ ለጋና ከተሞች ለአሥርተ ዓመታት ብርሃን ሰጥቷል። የምለው፣ አንድ ግድብ አገር ሠራ ከመባሉ በፊት ውሉ መነበብ አለበት ነው።

ወደ አስተዳደሩ ስንመጣ፣ መንግሥቱ የእንግሊዝ ቅጂ ነው የሚለው አባባል ለ1957 እና ለ1969 እስከ 1972 ለነበረው የጠቅላይ ሚኒስትር ቡሲያ ዘመን ቢነገር ይቀርበው ነበር። የዛሬው አስተዳደር የተመሠረተው በ1992 ሕገ መንግሥትና ጃንዋሪ 7 ቀን 1993 በጀመረው አራተኛው ሪፐብሊክ ላይ ነው። ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ በቀጥታ ይመርጠዋል፤ ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ዘመኑ አራት ዓመት ሲሆን ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ሌላው የተለየ ነገር፣ ሕገ መንግሥቱ አብዛኞቹ ሚኒስትሮች ከፓርላማ አባላት እንዲሾሙ ማዘዙ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል አንቀጽ ብዙ ነገር ያበላሻል ብዬ አስባለሁ፤ ነገ ሚኒስትር እሾማለሁ ብሎ የሚጠብቅ የምክር ቤት አባል ዛሬ ሿሚውን አጥብቆ እንዲቆጣጠር መጠበቅ ይከብዳል።

የጋና ምርጫ እውነተኛ ምርጫ መሆኑን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ እንዲያውም እሳቸው ከጻፉት በላይ ልጨምርላቸው። በ2008 መጨረሻ በተደረገው ሁለተኛ ዙር የተቃዋሚው ዕጩ ጆን አታ ሚልስና የገዢው ፓርቲ ዕጩ ናና አኩፎ አዶ እጅግ ተቀራርበው ሳለ፣ ድምፅ መስጫ ወረቀት ባለመድረሱ ምርጫ ያልተካሄደባት ታይን የተባለች አንዲት የገጠር ምርጫ ክልል ብቻ ቀርታ ነበር። አገሩ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2009 የታይን ገበሬዎች ተሰልፈው ድምፃቸውን ሰጡ። ሚልስ ከ41,000 ባነሰ የድምፅ ብልጫ አሸነፉ፤ በሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲም መንበሩን አስረከበ። በ1966፣ በ1972፣ በ1978፣ በ1979 እና በ1981 መንግሥት በጠመንጃ ለተገለበጠባት አገር ይህ ታላቅ ነገር ነው። በ2020 ምርጫ ሁለቱ ዋና ፓርቲዎች በ275ቱ መቀመጫ ላይ 137 ለ137 ሲቀመጡና አንድ የግል ተወዳዳሪ ብቻ በመካከል ሲቀር እንኳ አገሪቱ አልፈረሰችም። በዲሴምበር 2024 ምርጫም ጆን ማሃማ ከተቃዋሚነት ተመልሰው አሸንፈዋል።

ነገር ግን ያው ድምፅ ሰጪ ወደ ወረዳው ሲመለስ ምን ያገኛል? የወረዳውን ዋና አስተዳዳሪ የሚያጨው ፕሬዚዳንቱ ሲሆን የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቃል፤ ከምክር ቤቱ አባላትም 30 በመቶውን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው። የወረዳ አስተዳዳሪዎች በቀጥታ እንዲመረጡ መንገድ ይከፍታል የተባለለት ሕዝበ ውሳኔ ለዲሴምበር 2019 ተቀጥሮ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ተሰርዟል። ከዚያም አልፎ፣ ክልሎች ከ10 ወደ 16 ከፍ ባሉበት ጊዜ በተፈጠረ የወሰን ጣጣ የሳንትሮኮፊ፣ የአክፓፉ፣ የሊክፔና የሎሎቢ አካባቢዎች ነዋሪዎች በ2020 ለፕሬዚዳንት ድምፅ ሰጥተው የፓርላማ ተወካይ ሳይመርጡ ቀርተዋል፤ አራት ዓመት ሙሉም በምክር ቤት ስለ እነሱ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ባላባቶቹን ጌጥ ማለትም ካሉት ስሕተቶች ሁሉ ለተማሪ አደገኛው ነው። ከጋና መሬት 80 በመቶ የሚሆነው በልማዳዊ ይዞታ ሥር እንደሆነ ይነገራል፤ በብዙ ቦታ የሚጠብቀውም የባላባቱ ሥልጣን ምልክት የሆነው የሚቀመጥበት መንበር፣ በሰሜን ደግሞ የሚቀመጥበት የእንስሳ ቆዳ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከእንዲህ ያለው መሬት የሚገኘው ገቢ እንዴት እንደሚከፋፈል እስከ መቶኛው ደንግጓል፤ ለአስተዳደር ወጪ 10 በመቶ ከተቀነሰ በኋላ ከቀሪው 25 በመቶ ለመንበሩ፣ 20 በመቶ ለባላባታዊው ምክር ቤት፣ 55 በመቶ ለወረዳው ምክር ቤት ይሰጣል። ባላባቶች በፓርቲ ፖለቲካ እንዳይገቡ የከለከላቸውም ያው ሕገ መንግሥት ነው። ጌጥ ቢሆኑማ ባልተከለከሉ ነበር።

አሁን ወደ ኮኮዋው ልምጣ፤ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ከሁሉ በላይ የገፋፋኝ እሱ ነው። በመጀመሪያ፣ ኮኮዋን ያስተዋወቁት እንግሊዞች ናቸው የሚለው የሰው ሥራ ለሌላ መስጠት ነው። ጋናውያን የሚያመሰግኑት በ1879 ከፈርናንዶ ፖ ደሴት ዘሩን ይዞ መጥቶ በማምፖንግ የተከለውን ቴቴ ኳርሺ የተባለ አንጥረኛ ነው። ከዚያ በኋላ ምርቱን ያስፋፉት የአኩዋፔምና የክሮቦ ገበሬዎች በራሳቸው ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜም ተደራጅተው፣ ወደ ምዕራብ እየተሻገሩ ደን በመግዛት ነው። ጎልድ ኮስት በ1911 ገደማ የዓለም ቀዳሚ ኮኮዋ አምራች የሆነችው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ቀዳሚነቱን እስከ 1970ዎቹ ይዛ ቆይታ ለአይቮሪ ኮስት አስረክባለች።

ኮኮዋ እንዴት እንደሚደርስ አንድ ጊዜ በቅርብ እንየው። ገበሬው ፍሬውን በቆንጨራ ይፈለፍላል፤ በነጭና በሚያዳልጥ ሥጋ የተሸፈኑት ፍሬዎች መሬት ላይ በሙዝ ቅጠል ተከምረውና ተሸፍነው ስድስት ቀን ያህል ይብላላሉ፤ ጣፋጭና ጎምዛዛ የሆነ የጠላ ዓይነት ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። ከዚያ ከቀርከሃ በተሠራ ቆጥ ላይ ተሰጥተው አንድ ሳምንት ያህል ፀሐይ ይመታቸዋል፤ ሴቶችና ሽማግሌዎች ዙሪያውን ቆመው በእጃቸው እያገላበጡ የተበላሸውን ይለቅማሉ፤ ደመና ሲያንዣብብ ሁሉም ሮጦ ቆጡን ይሸፍናል። በመጨረሻ 64 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ ተሞልቶ ወደ መንደሩ መግዣ ይሄዳል፤ እዚያ ሚዛን ላይ ይወጣል። ገበሬው ሚዛኑን አያንቀሳቅስም፤ ዋጋውንም አይጠራም። ዋጋው በአክራ ተወስኖ፣ ለአገሩ በሙሉ አንድ ሆኖ ታውጇል።

ዋጋ የሚያውጀው መንግሥት ሲሆን፣ ኮኮዋውን ለውጭ ገበያ የሚሸጠው በ1947 የተቋቋመውና ዛሬ ኮኮቦድ የሚባለው የኮኮዋ ቦርድ ነው። ቦርዱ ለብዙ ዓመታት ከምርቱ አብዛኛውን ገና ከመለቀሙ በፊት በቅድሚያ ሲሸጠው ኖሯል። ለዚህ አሠራር በቂ ምክንያት እንዳለው መካድ አይገባም፤ የዓለም ዋጋ ሲያሽቆለቁል ገበሬውን ከመውደቅ ይጠብቀዋል፣ የጋና ኮኮዋ ጥራት በዓለም እንዲከበር ያደረገውም ይህ የተማከለ ቁጥጥር ነው። ዋጋ ሲወጣ ግን የሚሆነውን በ2024 አየን። በኤፕሪል የአንድ ቶን ኮኮዋ የዓለም ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ በወጣበት ወቅት፣ ለጋና ገበሬ አዲስ የተጨመረለት ዋጋ በጋና ገንዘብ በቶን 33,120 ሲዲ፣ በጆንያ 2,070 ሲዲ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ በቶን 2,500 ዶላር ገደማ ማለት ነው። በድሮ ዋጋ ቀድሞ የተሸጠው ኮኮዋ በአዲስ ዋጋ ሊከፈልበት አልቻለም። ድንበር ላይ ያለው ገበሬ ጆንያውን በሌሊት ወደ ቶጎና ወደ አይቮሪ ኮስት ቢያሻግር ሕግ ተላልፏል፤ ለምን እንዳሻገረው ለመረዳት ግን የኢኮኖሚ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ጽሑፉ የኮኮዋ ምርቱን ብዛት ሲጠቅስ በ2020/21 ወቅት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ መመረቱን አንስቶ ያቆማል። በ2023/24 ምርቱ ወደ 530,000 ቶን አካባቢ መውረዱን ግን አልጻፈም። ግማሽ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ምክንያቱ የዝናብ መዛባት፣ የዛፎቹ እርጅና፣ ኮንትሮባንድ፣ እንዲሁም ቅርንጫፍን እያሳበጠ ዛፉን የሚገድለው የቫይረስ በሽታ ነው፤ መድኃኒት ስለሌለው የታመመውን ዛፍ ከጎረቤቶቹ ጋር ቆርጦ እንደገና መትከል ብቻ ነው የሚያዋጣው፣ አዲሱ ዛፍ ፍሬ እስኪሰጥ ደግሞ ገበሬው ዓመታት ይጠብቃል። ኮኮዋ የሚያመርቱት ቤተሰቦች 800,000 ገደማ ናቸው ይባላል፤ የብዙዎቹ ማሳ ከጥቂት ሄክታር አይበልጥም። እነዚህን ሰዎች በልጽገዋል ማለት አልችልም።

ወርቁም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጋና በ2018 ደቡብ አፍሪካን አልፋ የአፍሪካ ቀዳሚ ወርቅ አምራች ሆናለች፤ ለውጭ ገበያ ከምታቀርበውም ወርቅ ከኮኮዋ ይበልጣል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ማዕድን ሁሉ በሕዝብ ስም በፕሬዚዳንቱ አደራ ሥር ነው፤ ከላይ ያለው መሬት የመንበሩ፣ ከሥር ያለው ወርቅ የመንግሥት፣ የሚያወጣው ደግሞ በአብዛኛው የውጭ ኩባንያ፣ መንግሥት በትልልቅ ማዕድኖች የሚይዘው ነጻ ድርሻም 10 በመቶ። መሬቱ ላይ ኮኮዋ የተከለው ገበሬ በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባው በካሳ ተቀባይነት ብቻ ነው። ጽሑፉ ጋላምሲ የሚባለውን ፈቃድ የለሽ ቁፋሮ የጥቂት ሕገ ወጦች ሥራ አድርጎ በአንድ መስመር አልፎታል። ወጣቱ የአባቱን የታመመ ኮኮዋ ለቁፋሮ ሲሸጥ የሚያገኘው ገንዘብ ከብዙ ዓመት ምርት ይበልጥበታል፤ ገዢው በኤክስካቫተር ገብቶ አፈሩን ገልብጦ፣ ወርቁን በሜርኩሪ ለይቶ ይሄዳል። ፕራ፣ አንኮብራና ኦፊን የተባሉት ወንዞች ወተት የተጨመረበት ቡና መስለዋል፤ የከተሞች የመጠጥ ውኃ ጣቢያዎች ጭቃው በዝቶባቸው ያቆሙበት ጊዜ አለ። ያ የተገለበጠ መሬት በቀላሉ ኮኮዋ ተመልሶ አያበቅልም።

የመጨረሻው ነጥብ ዕዳው ነው። ጸሐፊው የ2022ቱን ቀውስ በኮቪድና በዩክሬን ጦርነት ብቻ ያብራሩታል። ሁለቱም እንደጎዱ አይካድም። ነገር ግን በሜይ 2023 የጸደቀው የ3 ቢሊዮን ዶላር የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ድጋፍ ጋና ከድርጅቱ ጋር የገባችበት 17ኛው ፕሮግራም ነው፤ ኮቪድ አንድ ጊዜ መጣ እንጂ 17 ጊዜ አልመጣም። ከ2012 ጀምሮ ለዓመታት ዱምሶር ተብሎ የተጠራው፣ በትዊ ቋንቋ ጠፋ በራ ማለት የሆነው የመብራት መቆራረጥ ሲያስመርር፣ መንግሥት ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ለመግዛት ተዋውሎ ለማይጠቀምበት ኤሌክትሪክ ጭምር ሲከፍል ቆየ። የደከሙ ባንኮችን ዘግቶ የባንክ ዘርፉን ለማጽዳት የወጣው ወጪ፣ የምርጫ ዓመት በሆነው በ2020 ከአገር ውስጥ ምርት 10 በመቶን ያለፈው የበጀት ጉድለት፣ ለዓመታት በላይ በላዩ የተሸጠው፣ ዩሮ ቦንድ የሚባለው በውጭ ገንዘብ የሚከፈል የብድር ሰነድ በዚህ ላይ ተደመሩ። በዲሴምበር 2022 መንግሥት አብዛኛውን የውጭ ዕዳ መክፈል ማቆሙን ሲያስታውቅ የዋጋ ንረቱ 54.1 በመቶ ደርሶ ነበር።

የአገር ውስጥ አበዳሪዎችም የያዙትን የብድር ሰነድ፣ ማለትም ቦንድ፣ በአዲስ ቦንድ እንዲለውጡ ተጠየቁ፤ ወለዱ ዝቅ ያለ፣ የሚከፈልበት ጊዜም የተራዘመ ነበር። ይህ ማለት የጡረታ ገንዘባቸውን አምነው ለመንግሥት ያበደሩ ሽማግሌዎች ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ ያሰቡት ወለድ ቀረባቸው ማለት ነው። በፌብሯሪ 2023 እነዚህ ጡረተኞች መፈክር የተጻፈበት ካርቶን ይዘው አክራ ውስጥ በገንዘብ ሚኒስቴር ደጃፍ ተቀመጡ፤ በማግሥቱም ተመለሱ፣ በማግሥቱም። አንድ ቀን የቀድሞዋ የጋና ዋና ዳኛ ሶፊያ አኩፎ መጥተው ከመካከላቸው ቆሙ፤ እሳቸውም ቦንድ ገዝተው ነበር። መንግሥት በመጨረሻ ጡረተኞቹን ከልውውጡ ነጻ አድርጎ የቀድሞ ቦንዳቸው በነበረው ውል እንዲከፈል ተስማምቷል።